የካፓሲተር ማበጥ ምንድን ነው? ያረጀ ቴሌቪዥን ራሱን የሚያጠፋበት አንዱ ምክንያት

አሥር ዓመት ያለፈው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እያያችሁት ድንገት ይጠፋል። ወይም ለመነሳት አምስት ስድስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ቀይ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ዋናው ቦርድ ተቃጥሏል» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ከዚያ በፊት ግን ፓወር ሰፕላዩ (ለሌሎቹ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ቦርድ) ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ሊታዩ ይገባል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ካፓሲተር (ኮንደንሰር የሚሉትም አሉ) ቆርቆሮ ለብሶ እንደ ትንሽ በርሜል የቆመው ዕቃ ነው። ውስጡ የተጠቀለለ ስስ አሉሚኒየምና በኬሚካል ፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለ። ሥራው የሚዋዥቀውን ኤሌክትሪክ አለስልሶ ለቦርዱ ማድረስ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ፈሳሹ ይደርቃል፣ ጋዝም ይፈጥራል፤ ጋዙ አናቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጭረት የተሠራው ግፊቱ ሲበዛ እንዳይፈነዳ፣ በዚያ በኩል እንዲተነፍስ ነው። ጤነኛው አናቱ ልሙጥ ነው። ያበጠውን በጣት ሳይነኩ፣ በባትሪ መብራት ከጎን በማየት መለየት ይቻላል።

ፈሳሹ ሲቀንስ የካፓሲተሩ የውስጥ ተቃውሞ (ባለሙያዎች ኢኤስአር የሚሉት) ይጨምራል። ያኔ 5 ወይም 12 ቮልት መሆን ያለበት መስመር መዋዠቅ ይጀምራል፤ ድምፅ ከፍ ሲል ወይም ምስሉ ሲደምቅ ይወርዳል። ይህን የሚከታተለው መከላከያ ሌላው ዕቃ እንዳይቃጠል ሁሉንም ይዘጋል። ስለዚህ መጥፋቱ ራሱ ጥበቃ ነው፤ ደጋግሞ በሪሞት ማስነሳት ጉዳቱን ያባብሳል።

ዕድሜውን የሚወስነው ሙቀት ነው። ቆርቆሮው ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ አለ። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት እንዲሠራ የተመረተ ካፓሲተር፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ65 ዲግሪ ሲሠራ 32,000 ሰዓት ይደርሳል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚከፈት ቴሌቪዥን 11 ዓመት ገደማ ማለት ነው። በ75 ዲግሪ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከሙቀት ማስወጫው ብረት አጠገብ የቆመው ቀድሞ የሚያብጠው ለዚህ ነው።

ክዳኑን ከመፍታት በፊት ቀላሉን ማጣራት ያስፈልጋል። ስሊፕ ታይመሩን (በተሞላለት ሰዓት ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋውን) አጥፉ። ሪሞት ካልተነካ ከ4 ሰዓት በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ቴሌቪዥንም አለ፤ ሴቲንጉን እዩ። ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩትና ሞክሩ።

ከዚያ የሚጠፋበትን ጊዜ አስተውሉ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ አልነሳ ብሎ ከሞቀ በኋላ ደህና ከሆነ ካፓሲተር ተጠርጣሪ ነው። በተቃራኒው ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የተሰነጠቀ ሊድ (የዕቃውን እግር ከቦርዱ ጋር ያያዘው ብየዳ) ወይም የሚግል ዕቃ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ከጠፋ፣ በጨለማ የባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ እዩ፤ ምስሉ በደብዛዛው ከታየ ችግሩ የጀርባ መብራቱ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ጥንቃቄው የምር ነው። ትልቁ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 እስከ 400 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ባለሙያ የያዘውን ኤሌክትሪክ በ2.2 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ) አስወጥቶ፣ ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳያረጋግጥ አይነካውም። ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ማገናኘት ብልጭታ ይፈጥራል፤ ቦርዱንም ሰውንም ይጎዳል። ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ለጠጋኝ ይስጥ። ጀርባው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦው ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚይዝ ጨርሶ ቤት ውስጥ አይከፈት።

ካፓሲተሩ ሲቀየር ማይክሮፋራዱ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙ) ያው ይሁን፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ለምሳሌ 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት የነበረውን በ1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት መተካት ይቻላል፣ ቁመቱና ውፍረቱ ቦታው ላይ ከገባ። 105 ዲግሪ የሚልና ኢኤስአሩ ዝቅተኛ የሆነውን ጠይቁ። ነጩ ወይም ግራጫው መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። አንዱ ካበጠ በዚያው መስመር ያሉትን ሁሉ አብሮ መቀየር ይሻላል፣ ሳያብጥም የሚደርቅ አለና። ተራ መልቲሜትር የእንዲህ ዓይነቱን ማይክሮፋራድ ደህና አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ጉድለቱን የሚያወጣው የኢኤስአር መለኪያ ነው። ከሥሩ የሚታይ ቡናማ ነገር ሁሉ ግን የፈሰሰ ኬሚካል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ያደረገው ማጣበቂያ ነው።

አዲሱም በወራት ውስጥ ካበጠ ራሱ ጥራቱ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነ ችግሩ ከእሱ ውጭ ነውና በአጠገቡ ያለውን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ወይም የተዘጋ የአየር መውጫ መፈተሽ ያስፈልጋል።