ሰሜን ሸዋን ለመጎብኘት ሲታሰብ፦ የሚባለውና እውነታው

«የዱር አራዊት እንይ» ሲባል የብዙ ሰው ልብ ኬንያ ይሄዳል። አገር ውስጥ ይሁን ከተባለም ባሌ ወይም የሰሜን ተራሮች ይጠራሉ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው የሰሜን ሸዋዋ ደብረ ብርሃን ግን ለብዙዎች ወደ ደሴ ሲያልፉ ቁርስ የሚበላባት ከተማ ናት። እዚህ አካባቢ ጉዞ ሲታቀድ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። ላንሳቸው።

«እዚያ ደግሞ ምን አውሬ አለ?»

ዝሆንና ቀጭኔ የለም። እሱን የፈለገ ናይሮቢ ይሂድ። ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ግን ናይሮቢ አያገኛቸውም፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ጥቂቱ የሚኖረው መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ ላይ ነው። በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ወፍም አለች፤ ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

«ጭላዳ ያው ዝንጀሮ ነው፣ እጅህ ላይ ያለውን ይነጥቃል»

ጭላዳ ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ ሲበላ ይውላል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚያድር ሌላ የለም። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ያየ ሰው ከሌላ አያምታታውም። የሚያድረው ገደል ላይ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ያኔ ነው መድረስ ያለባችሁ። ንጥቂያን የሚያስተምረው ከመኪና መስኮት ዳቦ የሚወረውር መንገደኛ ነው። እባካችሁ አትወርውሩ።

«ቀይ ቀበሮ በግ ትጨርሳለች»

ምስኪን፣ የሌላውን ዕዳ ተሸክማ ነው። ዋና ምግቧ አይጥ ነው። በግ የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ጅብና ተኩላ ናቸው። ጓሳ ላይ የታየ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀበሮዋ በጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብላ እየተራመደች ታድናለች፣ ጭላዳዎቹም አይሸሿትም። በጥናት እንደተለካው በመንጋው መሃል ስትሆን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ገደማ ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሆን ግን ከአራት አንዱ ነው። ለእሷ ትልቁ አደጋ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። ስለዚህ ውሻችሁን ቤት ተዉት።

«አንድ ቀን ለአውሬው፣ አንድ ቀን ለባህሉ»

በጣም የማልስማማው በዚህኛው ነው። ጓሳ ላይ አውሬው የተረፈው በባህሉ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ሜዳ የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት በሚባል የራሱ ሕግ ነው (የቅርቡን ዘመን ቄሮ አታስቡ)። ተጠቃሚዎቹ አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ለዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይዘጋ ነበር። የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ከእሱ ይሠራል። ያለ እሱ ኑሮ ስለማይሆን ጠበቁት፤ አይጡም ቀበሮውም በዚያው ተጠለለ።

ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ነበርና ርስትን የሻረው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አናጋው። ሜዳው ለጊዜው ባለቤት አጣ። ኋላ ማህበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ በኮሚቴ ማስተዳደር ጀመረ፤ አሁንም የማህበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ስትሄዱ የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ። የቀበሮውን መዋያም የሣሩን ታሪክም የሚያውቀው እሱ ነው። ክፍያውም የሚገባው ለጠበቀው ሰው ነው።

«ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን»

ለደብረ ብርሃን ይሆናል፣ ለአንኮበርም ጨከን ካላችሁ። ለጓሳ ግን አይሆንም። ጣርማ በር ደርሳችሁ፣ የመኪና መንገዱ ዋሻ ሳትገቡ፣ ወደ መሃል ሜዳ ከተማ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አያስሮጥም። ደግሞ ጥሩው ሰዓት ማለዳና አመሻሽ ነው። እዚያው ማደር ይሻላል። ስንቅ ያዙ፣ ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ።

ብርዱን አትናቁ። ጓሳ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። «እኔ የአዲስ አበባ ብርድ ለምጃለሁ» የሚል ሰው እዚያ ዝተት (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) ሲለምን ይገኛል። መንዝ የበግ አገር በመሆኑ ዝተቱ በቅርብ አለ፤ ገበያ ላይ ካገኛችሁ ግዙ፣ ከየትኛውም የቱሪስት ዕቃ ይበልጣል።

«አንኮበር ሄደን ምኒልክ የተወለዱበትን ቤተ መንግሥት እናያለን»

ምኒልክ የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ግን ፍርስራሽ ነው። ሕንፃ ፍለጋ የሚሄድ ቅር ይለዋል። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቆላውን ቁልቁል ያየ ግን ነገሥታቱ ለምን ቦታውን እንደመረጡት ይገባዋል። ጊዜ ካላችሁ ወደ አልዩ አምባ ውረዱ። የአርጎባ ከተማ ናት፤ በጥንት ጊዜ የሐረር ነጋዴ የሚመጣባት ገበያ ነበረች። ገብስ ከሚበቅልበት ደጋ ተነስቶ ማሽላ አገር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

«በዜና ካልተነገረ መንገዱ ሰላም ነው»

ይህን በቀልድ አላልፈውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ያለፈ ነው። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የዜናውን ሳይሆን የቦታውን ሰው ጠይቁ። የምታድሩበት ደውሉ፣ መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን አናግሩ፣ በዚያው ጠዋትም ድገሙት። ከጨለመ አትንዱ። «ቆይ ትንሽ» ካሏችሁም ቀኑን አስተላልፉት፤ ጓሳ የትም አይሄድም።