ከአንጎል ግንድ የሚወርደው የሕመም መቆጣጠሪያ ምንድን ነው?

ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ተጫዋች አንዳንዴ ፊሽካው እስኪነፋ ይሮጣል። ቁጭ ካለ በኋላ ነው መርገጥ የሚያቅተው። ጉዳቱ ያው ነው። ታዲያ ሕመሙ የት ቆይቶ መጣ?

ሕመም ሲባል ከቁስሉ ተነስቶ ወደ አንጎል የሚወጣ መልእክት ይመስለናል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ከላይ የሚወርድ ትእዛዝም አለ። የሚወርደው አንጎልን ከህብለ ሰረሰር ጋር በሚያገናኘው የአንጎል ግንድ በኩል ነው። እዚያ ያሉ ኒውሮኖች (የነርቭ ሴሎች) ቀጫጭን ክሮቻቸውን ወደ ህብለ ሰረሰር ይዘረጋሉ። የሕመሙን መልእክት ገና መንገድ ላይ እያለ ያዳክሙታል፤ ወይም ያባብሱታል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ ይህን የአይጦች የአንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ አነቃቅቶ፣ ያለ ማደንዘዣ መድኃኒት የሆድ ቀዶ ሕክምና አደረገባቸው። በኋላ ሃዋርድ ፊልድስና ባልደረቦቹ ወደ ታች ወርደው ሜዱላ በሚባለው የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች አገኙ፤ “ኦን” እና “ኦፍ” አሏቸው። አይጧ ጅራቷን ከሙቀት ልታሸሽ ስትል ኦን ሴሎች ይነሳሉ፣ ኦፍ ሴሎች ጸጥ ይላሉ። ሞርፊን ሲሰጣት ነገሩ ይገለበጣል። ኦፎቹ ይሠራሉ፣ ኦኖቹ ዝም ይላሉ። ሞርፊን ሕመም የሚያስታግሰው በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሴሎች የሕመም ብቻ አይደሉም። አይጧ ከባድ እንቅልፍ ሲወስዳት ኦፍ ሴሎች ይበረታሉ፤ ስትነቃ ተራው የኦኖቹ ነው። እየበላች ሳለ ሙቀት ቢነካት እንኳ እንደወትሮው ቶሎ አትሸሽም። እዚያው ጎረቤት ያሉ ሌሎች ሴሎች ደግሞ ብርድ ሲሆን የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባሉ፤ ሰውነት ሙቀት እንዲያመነጭም ያዛሉ። ስለዚህ ሥራቸውን “ሕመም ማጥፋት” ብሎ መጥራት ያንስባቸዋል። አሁን የቱ ይቅደም፣ መብላት፣ መተኛት ወይስ መሸሽ? ሰውነት ይህን ሲወስን እነሱም አሉበት።

አንዳንዴ ሚዛኑ ይዛባል። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ የሚያባብሰው ወገን አልበርድ ሊል ይችላል፤ በእንስሳት ላይ ታይቷል። ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ያልለቀቀውን ሰው “ምንም የለብህም” ማለት ስህተት ነው፣ ያሳዝናልም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ለነርቭ ሕመም ዱሎክሰቲን የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በድብርት ሕክምና ይታወቃል፤ ግን ይህ ቁልቁል የሚወርደው መስመር የሚጠቀምባቸውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊንን፣ ስለሚጨምር፣ ድብርት የሌለበት ሰውም ሊታዘዝለት ይችላል።