ዋይልድካርድ ምንድን ነው? የፋይሉ ስም ግማሹ ሲጠፋችሁ

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በቀደም ከአምበር የመጡ አንድ አባት ገቡ። «ልጄ፣ ያቺን የሱቅ ኪራይ ውሌን አውጣልኝ። እዚሁ ነው ያስጻፍኳት» አሉኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሁለት ክረምት ሳያልፋት አይቀርም» አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ «ኪራይ» ብዬ ፈለግኩ። የሰው ሁሉ ኪራይ መጣ፤ የእሳቸው ግን የለም።

ወንበር ሰጥቻቸው ፍለጋዬን ቀጠልኩ። እሳቸው ይጠብቁ፤ እኔ ለእናንተ ነገሩን ላስረዳ።

ዋይልድካርድ ማለት በፍለጋ ጊዜ በማታውቁት ፊደል ቦታ የምታስገቡት ምልክት ነው። ስሙ የመጣው ከካርታ ጨዋታ ነው። ኮንከር የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጆከር ከደረሰችህ የጎደለህን ካርታ ተክታ ትገባለች፤ ሰባትም ትሆናለች፣ ንጉሥም ትሆናለች። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጆከሮች አሉ።

አንደኛዋ ኮከብ ናት፦ *። ስንትም ፊደል ትተካለች። አንድም ይሁን ሃያ፣ ምንም ባይኖርም ግድ የላትም። ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት ነው፦ ?። እሱ የሚተካው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «ውል 201?» ብላችሁ ብትጽፉ ከ2010 እስከ 2019 ያሉት ውሎች ይመጣሉ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ውስጥ በተሠራው፣ ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት የመጀመሪያ እትም ላይ ግሎብ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ሥራዋ እነዚህን ምልክቶች ወደ ፋይል ስም መፍታት ነበር። በኋላ የመጡት የማስኬጃ ሥርዓቶች ዶስም ዊንዶውስም ምልክቶቹን ይዘው ቀጠሉ።

«ታዲያ የስሙን ቁራጭ ዝም ብዬ ብጽፍስ?» ትሉ ይሆናል። አንዳንዴ ይበቃል። አንዳንዴ ግን ፋይሉ ዓይናችሁ ሥር ተቀምጦ «የለም» ትባላላችሁ። ምክንያቱን ለማየት የተማሪዎችን የስም ዝርዝር አስቡ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። «ኃይለ» ብለው የሚጀምሩትን አውጣ ብትባሉ በአንድ አፍታ ታገኟቸዋላችሁ፤ አንድ ላይ ተደርድረዋልና። ስማቸው በ«ማርያም» የሚያልቀውን አውጣ ብትባሉስ? ኃይለማርያም አንድ ቦታ ነው፣ ወልደማርያም ሌላ ቦታ፣ ገብረማርያም ደግሞ ታች። ከሀ እስከ ፐ እያንዳንዱን ስም ማንበብ ነው።

ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ፍለጋው እንዲፈጥንለት የቃላት ማውጫ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሲፈልግም ቃሉን ከመነሻው ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው «ደብረ ማርቆስ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል «ማርቆስ» ስትሉት ብቅ ይላል። ተጣብቆ «ደብረማርቆስ» ከተባለ ግን ላይመጣ ይችላል። «*ማርቆስ*» ብላችሁ ስትጽፉ «ከፊቱ ምንም ይኑር፣ ከኋላው ምንም ይኑር» ማለታችሁ ነው። ያኔ ሁለቱም ይመጣሉ።

እኔ እንደማየው ይህች ኮከብ ከፈረንጆቹ ይበልጥ የምትጠቅመው ለእኛ ነው። ለምን? የእኛ ሰው ማሳጠር ይወዳል። ደብዳቤ ላይ ደ/ማርቆስ፣ ፍ/ሰላም፣ ባ/ዳር፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት ነው የምንጽፈው። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ 9 ምልክቶችን አይቀበልም። ከእነሱ አንዷ ያቺው እዝባር (/) ናት፤ ለፎልደር መለያ ስለምታገለግል። (* እና ? ራሳቸውም ተከልክለዋል። ጥሩ ነው፤ ባይከለከሉ ፍለጋው ይምታታ ነበር።) እዝባሯ እምቢ ስትል ሁሉም የራሱን ዘዴ ያመጣል። አንዱ ደ.ማርቆስ ይላል፣ ሌላው ደ-ማርቆስ፣ ሦስተኛው ደማርቆስ፣ የተረጋጋው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ብሎ ሙሉውን ይጽፋል። አንድ ከተማ በአራት ስም ተቀመጠች። «ደ*ማርቆስ*» ስትሉ አራቱም ይሰበሰባሉ። «ት*ቤት*»ም ትምህርት ቤትን፣ ት.ቤትን፣ ት-ቤትን ባንዴ ያመጣል።

ሁለተኛው ጣጣችን ሞክሼ ፊደል ነው። ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሃይለ፣ ሐይለ፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት። ማን በየትኛው እንደጻፈው ከማሰብ «?ይለ*» ማለት ይቀላል። ፀሐይን ከፈለጋችሁ «??ይ*» በሉ። ዓመትና አመትን ከነ ቁጥራቸው ለማምጣት «?መት*» ይበቃል።

እዚህ ላይ ፊደላችን ራሱ ያግዘናል። በላቲን «ማ» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ያስፈልጋል። በእኛ አንድ ናት፤ ኮምፒውተሩም የሚቆጥራት አንድ ብሎ ነው። ቋም አንድ ፊደል ናት። ነገር ግን ቋሪትን «ቁዋሪት» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ፊደሉ ሁለት ሆነ፤ የጥያቄ ምልክቱ አይደርስበትም። ያኔ ኮከቧን ጥሩ፦ «*ሪት*»። አንድ ነገር ደግሞ፦ የምትጽፉት ጥያቄ ምልክት ይኸኛው ? መሆኑን እዩ። የግዕዙ ፧ ለፍለጋ አይሠራም።

ኮከቧን ሲያበዙባት ደግሞ ታስቸግራለች። «ውል*» ብዬ ስፈልግ የውል ፋይሎች ሁሉ መጡ፤ «ውልደት» የሚል አንድ የግጥም ፋይልም አብሮ መጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉ ይኖርበታል ብላችሁ ወደምታስቡት ፎልደር ግቡ፤ ከዚያ ፈልጉ። ሙሉውን ኮምፒውተር ማስፈለግ ጊዜም ይበላል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ነው። ኮከቧ የምታገለግለው ለፍለጋ ብቻ አይደለም። በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ውስጥ ለማጥፋትም ትሠራለች። ሊኑክስ በሚባለው የማስኬጃ ሥርዓት ላይ የማጥፊያውን ትዕዛዝ ከባዶ ኮከብ ጋር ከሰጣችሁት በዚያ ፎልደር ያለውን ፋይል ጠራርጎ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ መጀመሪያ ዝርዝሩን በዚያው ኮከብ አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ ከዚያ ነው የማጠፋው።

የማትረዳችሁም ቦታ አለ። ድሮ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ ላይ የምታዩት አማርኛ ለዓይን ነው እንጂ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእነዚያን ሰነዶች ይዘት ዛሬ በምንጽፈው አማርኛ ብትፈልጉ ኮከብ ብትደረድሩም አይገኝም። በፋይሉ ስም መፈለግ ነው ያለው አማራጭ።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። «ኪራይ» ሲያቅተኝ ሞክሼ ባይሆንም ሰው የሚለያይበት ፊደል ትዝ አለኝ። «*?ራይ*» ብዬ ጻፍኩ። መጣች፤ «የሱቅ ክራይ 2014»። ያኔ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ በ«ክ» ጽፏታል። አተምኩላቸው።

ሰውዬው ስክሪኑን አየት አድርገው «ምን አድርገህ ነው ያገኘሃት?» አሉኝ። ኮከቧን አሳየኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ ባለፈው ክረምት የጠፋችብኝን ጊደርም በዚችው ፈልግልኝ» ብለውኝ ወጡ።