የተነጨ የዓሣ ጅራት እንዴት ይመለሳል? የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ካፌ ገብታችሁ አኳሪየም አጠገብ ከተቀመጣችሁና ጅራቱ የተነጨ ዓሣ ካያችሁ፣ ማኪያቶው እስኪመጣ ወሬው ይደራል። አብዛኛው ግን ስህተት ነው።

«ጅራቱ ከተቆረጠ አለቀለት።» ኧረ አላለቀለትም። ዜብራ ዓሣ የተቆረጠ የጅራት ክንፉን አጥንቱን ጨምሮ በ2 ሳምንት ገደማ ይተካል። (ጀማ ወንዝ ውስጥ አትፈልጉት፤ አገሩ ደቡብ እስያ ነው።) ያ ግን 28 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ነው። በኛ ከተማ ብርድ፣ ያለ ማሞቂያ፣ ነገሩ ይንቀራፈፋል። ደግሞም የክንፉ ዘንጎች ጉቶ መትረፍ አለበት።

«ደጋግሞ ከተቆረጠ አቅሙ ያልቃል።» እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት 27 ጊዜ ቆርጦ አይቶታል። ተመልሷል።

«ሥራው የሴሎቹ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ነገር ሙሌት ነው።» ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንደ መንዝ የድንጋይ ቤት ጭቃ እናስበዋለን። ጭቃው ግን አንዴ ከደረቀ ቁጭ ነው። ይሄኛው ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፣ ሴሎቹንም ያዛል። ጅራቱ ሲቆረጥ ቁስሉን ቆዳ በ1 ቀን ውስጥ ይሸፍነዋል። ከሥሩ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎች ይከማቻሉ፤ ብላስቴማ ይባላል። እዚያ በሴሎቹ መካከል ቴናሲን ሲ የሚባል ፕሮቲንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ይበዛሉ። አዎ፣ ያው የፊት ሴረም ላይ የሚጻፈው! ውሃ ይስባል፣ ሴሎቹ እንደልብ የሚንቀሳቀሱበት ልል ቦታ ይፈጥራል። ዓሣው እንዳያመርተው ሲደረግ የሴሎቹ መባዛት ይዳከማል፣ ክንፉም በወጉ አያድግም። አጥንቱ ገና ያልደረሰበትን የክንፉን ጫፍ ደግሞ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ደግፈው ይይዙታል።

«ማንኛውም ሴል ወደፈለገው ይቀየራል።» በአብዛኛው አይቀየርም። የአጥንት ሴል ለጊዜው ወደ ልጅነቱ ቢመለስም የሚሠራው አጥንት ነው።

«ኮላጅን ካለ ሁሉም ይመለሳል።» ኮላጅን እኛም ሞልቶናል። ትልቅ ሰው ሲቆስል ግን ኮላጅኑ ቶሎ ይከመርና ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ዋናው ነገር የትኛው ንጥረ ነገር፣ መቼና የት እንደሚቀመጥ ነው።

«እንግዲያው ኮላጅን ዱቄት ውሃው ውስጥ ልጨምርለት?» በሞቴ ተዉት! ዓሣው ኮላጅኑን የሚሠራው በራሱ ሴሎች ነው። ዱቄታችሁ በስብሶ ውሃውን ያበላሸዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ይልቅ ከፊሉን ውሃ ቀይሩለት፤ ጅራቱን የሚነጨውንም ጎረቤቱን ለዩለት።