የምታነበውን ታስተውለዋለህን? (ለጾመ ነቢያት ንባብ ለምታቅዱ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከልደት በፊት የምንጾመው ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሰሞኑን "በጾሙ ምን ላንብብ?" የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶኛል። ጥያቄው በጣም ደስ ይለኛል። ሰው ጾም ሳይገባ ስለ ንባቡ ማሰብ ከጀመረ ልቡ ወደ አንድ ነገር እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ግን ደግሞ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። አሥራ አምስት፣ ሃያ መጽሐፍ የተደረደረበት ዝርዝር ፎቶ ተነሥቶ ሲለጠፍ አያለሁ። ከሥሩ "እኔ ባለፈው ጾም ዘጠኝ ጨርሻለሁ፣ አንተስ?" የሚል ይከተላል። ስልኩ ላይ መቶ ፒዲኤፍ ጭኖ አንዱንም ያልከፈተ አለ። ከፍቶም ገጽ ለመቁጠር ብቻ የሚሮጥ አለ። ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣብን? በቃለ እግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ ከጓደኛ ጋር ውድድር መያዝ እንዴት ያለ ድካም ነው!

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። አንድ ጾም ላይ እኔም አሥራ አንድ መጻሕፍት ጽፌ ጀመርኩ፤ ሌሊት እየተነሣሁ፣ መንገድ ላይ እያነበብኩ፣ የበዓሉ ዋዜማ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ጨረስኩ። በማግስቱ አንዲት እኅት "ከሁሉም የቱ ቃል ውስጥህ ቀረ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ንባብ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ሐዋርያት ሥራ 8። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ሹም፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ (የተሰለበ የቤተ መንግሥት ሹም ማለት ነው)፣ ሊቃውንቶቻችን ባኮስ የሚሉት፣ በኢየሩሳሌም ሰግዶ እየተመለሰ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ያነባል። ስንት መጽሐፍ ይዞ እንደነበር አልተጻፈልንም። የተጻፈልን አንድ መጽሐፍ ነው፣ ኢሳይያስ። ከዚያም ውስጥ አንድ ክፍል፦ "እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ"። በዚያች ሰዓት ያነበው የነበረው ይህ ክፍል ነው፤ አልዘለለውም፣ "ገብቶኛል" ብሎ አላለፈውም።

ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። (በነገራችን ላይ ይህ ፊልጶስ ከ12ቱ ሐዋርያት አንዱ የሆነው አይደለም፤ በሐዋ. 6፥5 ከተመረጡት ከ7ቱ ዲያቆናት አንዱ ነው። ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል።) ደርሶም "በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" አለው። ስንት ምዕራፍ እንደጨረሰ አልጠየቀውም። ባኮስም፣ ያ ትልቅ ባለ ሥልጣን፣ አልተቆጣም፤ "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ፤ ወጥቶም አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ ጠየቀ፦ "ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው?" ከዚህ ከአንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነው ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ የሰበከለት። በዚያው መንገድ ላይ ውኃ ተገኘ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ።

እንግዲህ ለጾሙ ዝርዝር ስታወጡ በመጀመሪያ ይህን ሰው አስቡት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በስብከቱ ይህን ጃንደረባ ያነሣዋል፤ በጉዞ ላይ እንኳ ሆኖ፣ የሚያስረዳው ሳይኖር፣ ንባቡን አልተወም ብሎ ያመሰግነዋል፤ ቤታቸው ተቀምጠው የማያነቡትንም ይወቅስበታል። እኛም ወቀሳው ይደርሰናል።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልግባ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ የንባብ ዕቅድ አውጥታልናለች። ግጻዌ የሚባለው እኮ እሱ ነው። በየቅዳሴው የሚነበበው የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ክፍል) እና ወንጌሉ ተወስኖልን ተቀምጧል። የራሳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ያንን እዩ። ምንም ሌላ ሳትጨምሩ የየሰንበቱን ምንባብ ዋዜማውን ቤታችሁ አንብባችሁ ብትሄዱ፣ ቅዳሴው ላይ ጆሯችሁ ሌላ ይሆናል። ብዙ ሰው ምንባብ ሲነበብ ሐሳቡ የሚሄድበት ቃሉን እዚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚሰማው ነው።

በዚያ ላይ አንድ መጽሐፍ ጨምሩ። አንድ። ጾሙ የነቢያት ነውና እኔ ዘንድሮ ኢሳይያስን ይዤያለሁ፤ ከእኔ ጋር መጓዝ ለምትፈልጉ ስሌቱ ቀላል ነው። ጾሙን በኅዳር 15 ጀምረን እስከ ታኅሣሥ 28 ብንቆጥር 44 ቀን ነው። ኢሳይያስ 66 ምዕራፍ ነው። በሁለት ቀን ሦስት ምዕራፍ ማለት ነው፤ አንዱን ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት። ይሄ ማንንም አይከብድም። ሠራተኛም ተማሪም፣ ልጅ የምታሳድግ እናትም ትችለዋለች።

ግን የሚከብድ ቦታ አለ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከምዕራፍ 13 እስከ 23 ነቢዩ ስለ ባቢሎን፣ ስለ ሞዓብ፣ ስለ ደማስቆ፣ ስለ ግብጽ፣ ስለ ጢሮስ ይናገራል። በዚህ ስሌት ከኅዳር 23 እስከ 30 ያለው ሳምንት ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። "ይሄ እኔን ምን ይመለከተኛል?" ይላል። አትዝለሉት። እነዚያ መንግሥታት ሁሉ በጉልበታቸውና በሀብታቸው የታመኑ ነበሩ፤ እያንዳንዱን ስታነቡ "እኔ የምታመነው በምንድን ነው?" እያላችሁ ጠይቁ። ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ወንዞች ይነሣሉ፤ ባኮስ እዚያ ሲደርስ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። ከ36 እስከ 39 ያለው የሕዝቅያስ ታሪክ ነው፣ ቶሎ ይነበባል፣ ትንፋሽ ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 11 ላይ፣ በስብከት ሳምንት ውስጥ (ከልደት በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ)፣ ምዕራፍ 40 ይከፈታል፦ "አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ ይላል አምላካችሁ"። በደረቁ መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን ቃል ሲያገኘው ያለቅሳል። ዘሎ የመጣ ሰው ግን አያለቅስም።

ሳምንቶቹንም ከኢሳይያስ ጋር አገናኟቸው። ብርሃን ሲደርስ ወደ ምዕራፍ 9 ተመለሱ፣ "በጨለማ የሄደ ሕዝብ ብርሃን አየ"። ኖላዊ (እረኛ ማለት ነው) ሲደርስ 40፥11ን በቃላችሁ ያዙት፣ "መንጋውን እንደ እረኛ ያሰማራል፥ ጠቦቶቹን በክንዱ ሰብስቦ በብብቱ ይሸከማል"። በዚያ ሰንበት "ኖላዊሆሙ ለእስራኤል አጽምእ" (የእስራኤል እረኛ ሆይ፥ አድምጥ) ሲሰበክ ልባችሁ ውስጥ መልስ ይኖረዋል።

ሌላ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ፊልጶስ ባኮስን ሲያነብ "ሰማ" ነው የሚለው። ዓይን ይሮጣል፣ አፍ ግን መሮጥ አይችልም። ከምዕራፉ አንድ ጥቅስ ብቻ በእጃችሁ ጻፉ፣ ከሥሩ ያልገባችሁን ጥያቄ ጻፉ። የጥያቄ ደብተር የሌለው አንባቢ ፊልጶስ ቢመጣለትም የሚጠይቀው አይኖረውም። ጥያቄውን ደግሞ ይዛችሁት አትቀመጡ፤ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለመምህራችሁ አቅርቡት። ዝርዝሩን ራሱ ከመጀመራችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ብታሳዩት እንዴት መልካም ነው፤ "ይሄ በዛብህ" ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ተቀበሉ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙትን ማብራሪያ ሁሉ ግን ፊልጶስ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። እሱን የላከው መንፈስ ቅዱስ ነበር።

የዘወትር ጸሎታችሁንም ለንባብ ብላችሁ አትቁረጡ። ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ እንደነበረ ይቀጥል። ሰዓት ካነሰ ንባቡ ይቀንስ።

ብትወድቁስ? ትወድቁ ይሆናል። ሁለት ቀን፣ ሳምንት ያመልጣችኋል፤ ትታመማላችሁ፣ ሥራ ይበዛል፣ ኀዘን ይመጣል። እባካችሁ ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ሌሊት ስምንት ምዕራፍ አትሩጡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ልደት ሲደርስ ገና ምዕራፍ 40 ላይ ብትሆኑ ከአጽናኙ ቃል ጋር በዓሉን አከበራችሁ፤ ምን ጎደለባችሁ? ማንበብ የማትችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። መስማት ከማንበብ አያንስም።

አንድ ቀን ግን ልባችሁን አጽንታችሁ ጠብቁ፤ ታኅሣሥ 23ን። ምዕራፍ 58 ነው። ሕዝቡ "ስለ ምን ጾምን፥ አንተም አልተመለከትኸንም?" ሲል እግዚአብሔር ይመልሳል፦ "እነሆ፥ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፥ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ።" በዚያ ቀን ከዚህ በላይ አታንብቡ። አሥራ አንዱን መጽሐፍ ባነበብኩበት ጾም ቤት ውስጥ የምታግዘንን ልጅ ስንት ጊዜ እንደጮህኩባት የማውቀው እኔ ነኝ። ንባቤን አቋረጠችኝ ብዬ ነበር የምጮኸው። መጽሐፉ በእጄ ነበር፣ ቃሉ ግን አላገኘኝም። እናንተም በዚያ ቀን መጽሐፉን ዘግታችሁ ያስጨነቃችሁትን ሰው ፈልጉ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ የያዛችሁበትን ደመወዝ ክፈሉ።

ከዚያ በፊት ባለው ቀን፣ ታኅሣሥ 22፣ የሚደርሰው ምዕራፍ 56 ነው። ባኮስ ያነበው ከነበረው ክፍል ጥቂት ምዕራፎች ብቻ ወረድ ብሎ። ዘዳግም 23፥1 ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ይህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ ምን ይዞ እንደተመለሰ አልተጻፈም። ግን በእጁ በያዘው በዚያው ጥቅልል ውስጥ፣ ጥቂት ብቻ ቢገልጥ፣ ለእሱ የተጻፈ ነበር፦ "ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል"። ቀጥሎም "በቤቴና በቅጥሬ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ መታሰቢያና ስም እሰጣቸዋለሁ" ይላል። ከውኃው ወጥቶ ደስ እያለው ሲሄድ፣ ሠረገላው ላይ እንደገና ተቀምጦ ካቆመበት ሲቀጥል፣ እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ይታየኛል። እናንተም በዚያ ቀን፣ ራሳችሁን ደረቅ ዛፍ ነኝ የምትሉ ካላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።