194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናት

194,313 በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ቀናት ብዛት ነው። ዐቢይ ቀመር በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ ዕለቱ፣ ወንጌላዊውና ጨረቃዋ አብረው ወደ ነበሩበት የሚመለሱበት 532 ዓመት ነው። እኛ ጎጃም፣ ከዋሸራ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የአብነት ትምህርት ሥር በሰደደበት አገር፣ ባሕረ ሐሳብ የቀጸለ ሰው 532ን እንደ ስሙ ያውቃታል። የቀናቱ ድምር ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማም። ቢነሳ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የቀመሩ አሠራር እዚህ ቁጥር ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አመጣጡ ቀላል ነው። 532 በ365 ሲባዛ 194,180 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 133 ቀን ይጨመራል።

ቁጥሩ ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። አራቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ አንዱም አልተደገመም። ሦስትና 487 የመጡት ከወንጌላውያኑ ነው፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፣ እሱም 3 × 487 ነው። 19 የጨረቃ ናት፤ ጨረቃ ዑደቷን የምትጨርስበት 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ይባላል። ሰባት ደግሞ ሳምንት።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የሚከተለው ነው። 19 ዓመት 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ስለሆነ ሙሉ ቀን አይሞላም። አራት ጊዜ ሲታጠፍ 76 ዓመት፣ ማለትም ማዕከላዊ ቀመር ይሆንና 27,759 ቀን ሙሉ ይወጣል። ግን ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ዘንድሮ እሑድ የዋለ ቀን ከ76 ዓመት በኋላ ሐሙስ ይውላል ማለት ነው። ይህ የሚስተካከለው ሰባት ጊዜ ሲደገም ነው፣ 532 የመጣውም ከዚህ ነው። ስለዚህ 27,759 የማዕከላዊ ቀመር ቀን ሆኖ ሳለ የዐቢይ ቀመር ሳምንት ብዛትም እሱው ነው!

ሌላውን ባጭሩ ልበል። 194,313 ኢ-ተጋማሽ ነው። 16 አካፋዮች አሉት፤ ራሱን ትተን ብንደምራቸው 118,007 ስለሚሆን ከሱ ያንሳሉ። የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ካሬ ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። ከሱ ከሚያንሱት መካከል ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የማይጋሩት 104,976 ናቸው፣ ይህም 18ን አራት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ። አንዱ ወር በአማካይ 29.53085 ቀን ይደርሰዋል፣ የሰማዩዋ ጨረቃ ደግሞ 29.53059። ልዩነቱ በ532 ዓመት ሲጠራቀም 1.7 ቀን ገደማ ብቻ ነው። በእጅ ለተሠራ ስሌት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዐሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር በዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ ሲቆጠር) 7448፣ በእኛ 1948 ዓ.ም. አልቋል። አሁን ያለነው ዐሥራ አምስተኛው ላይ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 የዋለው ፋሲካም በዚሁ ቀመር ከሄደ ዕለቱ፣ ወንጌላዊውና የንዑስ ቀመሩ ዓመት ሦስቱም አንድ ላይ ገጥመው የሚመለሰው በ2549 ነው።