የናፖሊ ፒዛ ምንድን ነው?

ስስ የሆነ ፒዛ ሁሉ «ናፖሊታን»፣ ማለትም የጣሊያኗ የናፖሊ ከተማ ፒዛ፣ እየተባለ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ ስለ ምግብ የሚያወራ አንድ ሰው «ናፖሊታን ማለት ሞዛሬላና ባዚል ያለበት ዋናው የጣሊያን ፒዛ ነው፤ ሌላው አሜሪካኖች ያበላሹት ነው» ሲል ሰማሁ። ሥራዬ ሊጥ ነውና ይህን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሞዛሬላ የተባለው ቺዝና ባዚል የተባለው ቅጠል መለያው ናቸው መባሉ ነው። የናፖሊ ፒዛን የናፖሊ የሚያሰኘው ከላዩ የሚደረገው ነገር አይደለም። እንጀራን አስቡ። ሽሮ ቢወጣበትም ዶሮ ወጥ ቢወጣበትም፣ ጥሩ እንጀራ መሆኑን የምንለየው በዐይኑ፣ በልስላሴውና በኮምጣጣነቱ ነው። ይህን የሚሰጡት እርሾው፣ አብሲቱና የምጣዱ ግለት ናቸው። ምጣዱ በቅጡ ሳይግል ሊጡ ከፈሰሰበት ዐይን አያወጣም፤ ከዚያ በኋላ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ እንጀራውን አያድነውም። የናፖሊ ፒዛም በሊጡና በእሳቱ ነው የሚዳኘው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ስሙን ሲመዘግብ የጻፈው ደንብ ይህንኑ ይላል። ሊጡ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ዘይትም ስኳርም አይገባበትም። የሚዘረጋው በእጅ ነው። መዳመጫ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ጣቶች አየሩን ከመሃል ወደ ዳር ሲገፉት ጠርዙ ይነፋል፣ መዳመጫ ግን አየሩን ጨፍልቆ ያስወጣዋል። ወለሉ እስከ 485 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይጋገራል። ሲወጣ ስፋቱ ከ35 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ መሃሉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ነው፣ ጠርዙ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2017 በቅርስነት የመዘገበው ፒዛውን ሳይሆን የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎችን ጥበብ ነው።

ሞዛሬላ መለያው ቢሆን ኖሮ ማሪናራን ምን ልናደርጋት ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 ናፖሊ ውስጥ የተቋቋመው የፒዛ ጋጋሪዎች ማኅበር የሚያውቃቸው ሁለት ፒዛዎች ማርጋሪታ (ቲማቲም፣ ሞዛሬላና ባዚል ያለባት) እና ማሪናራ ናቸው። ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት እንጂ ቺዝ የላትም። እኛ «የጾም ፒዛ» የምንለው ናፖሊ ውስጥ ምንም ሳይቀነስበት ከጥንት የነበረ ነው።

90 ሰከንድ የቲማቲሙን ውሃ ለማድረቅ አይበቃም። ስለዚህ መሃሉ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዙ ላይም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ይህን «ጥሬ ነው» ወይም «አርሯል» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ በትክክል የተሠራ ፒዛ ነው የመለሰው። ደረቅ ያለ ፒዛ መውደድ መብት ነው፤ ያ ግን ሌላ ፒዛ ነው።

«አሜሪካኖች ያበላሹት» የሚለውም ከዚሁ እሳትን ካለማየት የመጣ ነው። ከኒው ዮርክ የመጀመሪያዎቹ ፒዛ ሻጮች አንዱ የሆነው ጄናሮ ሎምባርዲ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፒዛ ሲሸጥ ምድጃው የድንጋይ ከሰል ነበር። በኋላ የጋዝ ምድጃ ሲስፋፋ ሙቀቱ ወረደ፣ ፒዛው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ረዘመ። አራት ነገር ብቻ ያለው ሊጥ በዝቅተኛ ሙቀት ብዙ ደቂቃ ከቆየ ይደርቃል፤ ቀለምም አይዝም። ስለዚህ ዘይት ለልስላሴ፣ ጥቂት ስኳር ለቀለም ገባ። ያው ስኳር 485 ዲግሪ ላይ ቢሆን ያርር ነበር። ጋጋሪዎቹ ምጣዱ ሲቀየር ሊጡን ከምጣዱ ጋር አስማሙ እንጂ ምንም አላበላሹም። ዲትሮይት እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በአራት ማዕዘን የብረት ትሪ ወፍራም አድርጋ ጋገረችው፤ ቺዙም ከትሪው ጠርዝ ጋር ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል። የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ደግሞ ከጣሊያኗ ጄኖቫ የመጡ ስደተኞች ሽንኩርትና ቺዝ የሞላበትን ፉጋሴታ ወለዱባት፤ ፒዛውን ፋይና ከሚባል የሽምብራ ቂጣ ጋር ይበሉታል።

«ዋናው የጣሊያን ፒዛ» ብሎ ነገርም የለም። የሮማው ስስ ፒዛ ሊጡ ውስጥ ዘይት አለበት፣ በመዳመጫም ይዘረጋል፣ ሲበሉትም ይንኮሻኮሻል። የፓሌርሞው ስፊንቾኔ ስፖንጅ የመሰለ ወፍራም ሊጥ ላይ ሽንኩርትና የዳቦ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ነው። ፒዛ ለረጅም ዘመን የናፖሊ ድሆች የጎዳና ምግብ ነበር። ሚላንና ቶሪኖ በሰፊው የለመዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደቡብ ሰዎች ለፋብሪካ ሥራ ወደ ሰሜን ሲፈልሱ ነው፤ ያኔ ኒው ዮርክ ፒዛ መብላት ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏት ነበር። ማርጋሪታ ፒዛ እ.ኤ.አ. በ1889 ለጣሊያኗ ንግሥት ማርጋሪታ ተፈለሰፈ የሚባለውንም በጥንቃቄ ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1866 የናፖሊን ኑሮ የሚገልጽ ጽሑፍ ሞዛሬላን፣ ባዚልንና ቲማቲምን በፒዛ ላይ ከሚደረጉት መካከል አስቀድሞ ቆጥሯቸዋል።

ቤታችሁ ለምትሞክሩት ሁለት ነገር ልጨምር። ከረጢቱ ላይ ያለው «00» የዱቄቱን ነጭነትና ጥራት እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም፤ የትኛውንም ፉርኖ ዱቄት ስትገዙ ጥንካሬውን ለማወቅ ፕሮቲኑን ተመልከቱ። ሌላው ከፍታ ነው። ደንቡ ሊጡ መጀመሪያ 2 ሰዓት፣ ከተድቦለቦለ በኋላም ከ4 እስከ 6 ሰዓት እንዲያርፍ ይላል፤ ናፖሊ ግን የባሕር ዳር ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ሰዓቱን እንዳለ ከወሰዳችሁት መጠኑን ያልፍና ስትዘረጉት ይቀደዳል። እርሾውን ቀንሱ፣ ሰዓቱን ትታችሁም ሊጡን በጣት ጫን እያላችሁ እዩት፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።